ተዘውታሪ የአእምሮ ሕመሞች፦ ጁባ ላይ «ጨጓራ» እየተባለ የሚታለፈው ሕመም

የጤና ባለሙያዎች «ኮመን ሜንታል ዲስኦርደርስ» የሚሉት መጠሪያ ድባቴንና ጭንቀትን፣ ከእነሱም ጋር የሚመጣውን የሰውነት ሕመም በአንድ ላይ ይይዛል። መጠሪያው ይበልጥ የታወቀው ዴቪድ ጎልድበርግና ፒተር ሃክስሊ በ1992 በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአማርኛ ብዙዎች «የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞች» ይሉታል። እኔ ግን «ተዘውታሪ የአእምሮ ሕመሞች» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። «የተለመደ» ያልነውን ነገር ማንም ላይ የሚደርስ ነው ብለን እንተወዋለን፤ ይህ ደግሞ ሊታከም የሚገባውና የሚታከም ሕመም ነው። «ተዘውታሪ» ያሰኘው በብዙ ሰው ላይ መታየቱ ነው።

የአእምሮ ሕመም ሲባል አብዛኞቻችን አእምሮውን ስቶ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ወይም አማኑኤል ሆስፒታል የገባ ዘመድ ይመጣብናል። ድባቴና ጭንቀት የያዘው ሰው ግን ሥራ ይገባል፣ ሒሳብ ይሠራል፣ ሰላምታ ይመልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት፣ 280 ሚሊዮን ሰው ደግሞ የድባቴ ሕመም እንዳለበት ገምቷል። ጦርነት ባለፈበት አገር ጉዳዩ ይብሳል። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ከተማዋን ከነነዋሪዎቿ፣ ከነንግዷና ከነሆቴሏ ነው የመታት። የደቡብ ሱዳን የሕግ ማኅበርና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት ከተጠየቁት 1,525 ሰዎች 41 በመቶው የድኅረ አሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ምልክቶች ታይተውባቸዋል። ይህኛው ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ከድባቴ ጋር አብሮ ይመጣል።

ምልክቱ ለምን ያመልጠናል? ሰው ሐዘኑን «አዘንኩ» ብሎ ስለማይናገር ይመስለኛል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከጁባ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ዬይ እና በሰሜን በምትገኘው ኩዋጆክ ያሉ ሰዎች ይህን ስቃይ በምን ስም እንደሚጠሩት ጠይቆ ነበር። በዬይ «ዬዬሲ» አሉት፤ ብዙ ሐሳብ ማለት ነው። በኩዋጆክ ከሰጡት ስሞች አንዱ «ንጌር የች» ነው፤ ሆድ መጨምደድ እንደማለት። ለእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «ሰው አስጠላኝ» የምንል ሰዎች ነን። በሁለቱም አገር ያለ ሰው እንዲህ ሲል ሕመሙን እየተናገረ ነው፤ አድማጩ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

በጁባው ኮኞ ኮኞ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ሐበሻ ነጋዴ እናስብ። ጨጓራዬ ተነሣብኝ ብሎ ክሊኒክ ይሄዳል። ሰውነቴ ዝሏል፣ ራሴን ይፈልጠኛል ይላል። ደም ይሰጣል፤ የወባና የታይፎይድ ምርመራ ይደረግለታል። ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠራ ደግሞ ታይፎይድ የሌለበትንም ሰው አለብህ ሊለው ይችላል። መድኃኒቱን ውጦ ይጨርሳል፣ ከወር በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል፣ ክሊኒክ ይቀይራል። እንቅልፍ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየባነነ እስኪነጋ ጣራ ጣራ እያየ እንደሚያድር አልተናገረም። መመርመሩ ትክክል ነበር፤ ወባም ሆነ የደም ማነስ ሰውነትን ያዝላሉና። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ወይም መድኃኒቱ ሳያሽል ሕመሙ ከቀጠለ ግን ጥያቄው መቀየር አለበት።

ለዚህ የሚያገለግል መጠይቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ቡታጅራ ላይ በተደረጉ የኢትዮጵያ ጥናቶችም በአማርኛ የተሠራበት ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ ሲሆን መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። የሚጀምረው ስለ ራስ ምታት በመጠየቅ ነው፤ ምግብ አልበላ ማለትን፣ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ ሆድ አለመመቸትን ያስከትላል፤ ስለ ለቅሶና ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ስለ ማየት የሚጠይቀው ቆይቶ ነው። በሽታውን ቁርጥ አድርጎ አይነግርም፤ ማን በባለሙያ መታየት እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ቅጹ በእጅ ባይኖርም የሚታይ ነገር አለ። በድባቴ ዋናው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ የስሜት መውደቅ ወይም ድሮ ደስ ይል ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት ነው። እሑድ ከቡና የማይቀር ሰው መቅረት ይጀምራል። እቁቡን በሰው ይልካል። አገር ቤት ሲደወልለት «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ጭራሽ አያነሳም፤ እናትም ጨከነብን ትላለች። አንዳንድ ወንድ ከማዘን ይልቅ ቁጡ ይሆናል፣ ሳይጠጣ አይተኛም።

ጭንቀት ደግሞ ያልደረሰውን ክፉ ነገር ደርሷል ብሎ እንደ መኖር ነው፤ ለወራት ሐሳቡ አልቆም ይላል፣ ትከሻና አንገት ይወጠራል። በድንገት ሲያጠቃ ልብ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየው አሁን ሞትኩ ይላል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ሰው ልቡን መመርመሩ ተገቢ ነው።

«መኖር አስጠላኝ» ያለን ሰው ደግሞ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ስለተጠየቁ ይቀላቸዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፤ አብሮት የሚያድር ሰው ይኑር፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገርም ከአጠገቡ ይራቅ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ሐኪም ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ሲዘግብ በደቡብ ሱዳን የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች ሁለት ብቻ፣ የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል አልጋዎችም 12 ነበሩ። ሕሙማን ሕክምና በማጣት እስር ቤት ይቆዩ እንደነበርም ጽፏል። ሰው ሕመሙን ቢደብቅ አይፈረድበትም። ደግነቱ ለተዘውታሪዎቹ ሕመሞች የሚያስፈልገው ሁልጊዜ አልጋ አይደለም። በሰሜን ኡጋንዳ፣ ራይኖ ካምፕ፣ ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት በ2020 ታትሟል። በጁባ ዓረብኛ ተቀድቶ በቡድን የሚደመጥ የአምስት ጊዜ ትምህርትና በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ነበር የተሰጣቸው፤ የመሩት ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲታዩ የሥነ ልቦና ስቃያቸው ትምህርቱን ካልወሰዱት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

ለድባቴ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ለውጡን የሚያየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ መጣል የለበትም። ሲሻለውም የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ወዲያው ሳያቋርጥ ለወራት እንዲቀጥል ይመክራል። በጁባና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ ሰው እንግዲህ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት አስጽፎ ይያዝ፤ በአንዱ ከተማ የጀመረውን በሌላው ያለው ሐኪም ያለ ግምት ይቀጥልለታል።