የበሬ ውዳሴ በደቡብ ኦሞ፦ ከበረት እስከ ሸክላ

በታችኛው የኦሞ ሸለቆ ለሚኖሩት ቦዲዎች፣ ሙርሲዎች፣ ኛንጋቶሞችና ዳሰነቾች ለሚወዱት በሬ መዝፈን ከአባቶቻቸው የወረሱት ልማድ ነው። ወጣቱ ከመንጋው አንድ ወይፈን ለይቶ የራሱ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ የበሬው መልክ ለባለቤቱ መጠሪያ ይሆናል፤ እኩዮቹም በዚያ ይጠሩታል። ዘፈኑን የሚገጥመው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ለደገኛው አንባቢ የፈረስ ስም ለዚህ ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ተወድሰዋል። ይሁን እንጂ የፈረስ ስም የመኳንንትና የጦር ሰው ማዕረግ ነበር፤ ውዳሴውንም አዝማሪው ወይም ፎካሪው ያወርድ ነበር። በኦሞ ቆላ ግን ከብት ያለው ሁሉ ስሙም ዘፈኑም አለው።

በቦዲዎች ዘንድ ነገሩ ከልጅነት ይጀምራል። ሕፃኑ ስም ሲወጣለት ከስሙ ጋር የሚሄድ የከብት መልክ አብሮ ይሰጠዋል፤ ሲያድግም ያንን መልክ የያዘ በሬ ይፈልጋል። ይህን በጥልቀት ያጠናው ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ካትሱዮሺ ፉኩይ ነው። የሙርሲዎቹ አጥኚ ዴቪድ ተርተን ደግሞ የቀለም ካርዶች እያሳየ ስማቸውን ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚመጣው ከከብት መልክ ስም እንደሆነ ተረዳ። በከብት ላይ የማይታይ ቀለም ሲያጋጥማቸው «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ማለታቸውን በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አስፍሯል። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ እያለ ከብቱን በመልኩ የሚጠራ የደጋ ገበሬ ይህ አይገርመውም። የሚለየው በሬው በሰውየው ማንነት ውስጥ የያዘው ቦታ ነው።

ለተመረጠው በሬ የሚደረገው እንክብካቤ ከዘፈኑ አይለይም። ቀንዱ ገና ለጋ ሳለ ይገራል፤ አንዳንዴ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ እንዲያድግ ይደረጋል። ጆሮው በስለት ጥለት ይወጣለታል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል። ባለቤቱ ሲዘፍን ሁለት እጁን እንደ ቀንዱ ቅርጽ ያነሳል። ግጥሙ መልኩንና ቀንዱን ካወሳ በኋላ ወደ ግጦሹ፣ ወደ ውኃው፣ ወደ ጓደኞችና ወደ ሞቱት ይሻገራል። ስለዚህ የአንድ ሰው የበሬ ዘፈን በአመዛኙ የሕይወት ታሪኩ ነው። በሬው ሲሞት ባለቤቱ እንደ ዘመድ ያዝናል።

ከኦሞ በስተ ምሥራቅ የሚኖሩት ሐመሮችም የከብት ስም አላቸው፤ ሰውን በማወደስ ግን ሴቶቹም ድርሻ አላቸው። ወጣቱ ወደ አዋቂነት በሚሸጋገርበት የከብት ዝላይ ሥርዓት ቀን ዘመዶቹ የሆኑ ሴቶች ጥሩምባ እየነፉ፣ እየጨፈሩ ስሙን ያነሳሉ።

እነዚህ ዜማዎች በቴፕ በስፋት መቀዳት የጀመሩት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ ነው። የሥነ ሰብእ ምሁራኑ ተርተን ወደ ሙርሲ፣ ሰርዥ ቶርኔ ወደ ኛንጋቶም፣ ኡሪ አልማጎር ወደ ዳሰነች የሄዱት በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ሌሎቹ የሥነ ሰብእ ምሁራን ኢቮ ስትሬከርና ባለቤቱ ጂን ሊዳል በ1970 እ.ኤ.አ. ሐመር ገብተው ዳምባይቲ በተባለች መንደር ተቀመጡ። ስትሬከር የቀዳው የሐመር ሙዚቃ በበርሊን በሸክላ ታትሟል። ባልና ሚስቱ በ1979 እ.ኤ.አ. ካሳተሟቸው ሦስት ቅጾች ሁለተኛው በሙሉ የአንድ ሐመር ሰው ትረካ ነው። ይህ ሰው በከብት ስሙ ባልዳምቤ የሚባለው አይኬ በሪናስ ነው። ስለ አገሩ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ከብት ዝላይ በቃል የተናገረው በቴፕ ተቀድቶ ወደ መጽሐፍ ተገልብጧል። ለአንድ የደቡብ ኦሞ ባለ አንደበት ይህ ትልቅ መታሰቢያ ነው።

ሸክላውና ቴፑ ድምፁን አትርፈዋል፤ ሁሉን ግን አልያዙም። የበሬ ውዳሴ በሬው ፊት፣ በእኩዮች ቅብብል የሚባል ነው። የበሬው መልክ፣ የባለቤቱ ስምና የግጦሹ ቦታ አብረው ካልተመዘገቡ ሰሚው ዜማውን እንጂ ውዳሴው የማን እንደሆነ አያውቅም። ከድምፁ ጎን የሰፈረ ማስታወሻ የቅጂውን ግማሽ ዋጋ ይይዛል።

በጂንካ ከተማ፣ ከኮረብታው ላይ፣ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም በ1993 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በምሥረታው ስትሬከርና ሊዳል ዋና ድርሻ ነበራቸው። የዞኑ ሕዝቦች ቁሳቁስና ፎቶግራፍ የተሰበሰበው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆላው ብዙ ተለውጧል። የኩራዝ ስኳር ልማት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የቦዲዎችን የግጦሽ መሬት ይዟል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በኋላ ዓመታዊው የኦሞ ሙላት ቀርቷል። ግጦሽና መንጋ ሲጠብ ለበሬ የሚዘፈንበትም አጋጣሚ ይጠባል።

ስለዚህ በውጭ አገር ቤተ መዛግብት ያሉት ቴፖች ግልባጭ ጂንካ ላይ በየቋንቋው ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ከሙዚየሙ ጋር ሆኖ ይህን ሥራ ቢይዝ፣ ዘፈኖቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የበሬዎቹንና የባለቤቶቹን ስም መሙላት ይቻላል።