ኮምቦልቻ፣ የቦርከና ዳር ከተማ

የአንድ ከተማ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ቆረቆራት?» ብሎ ነው። ለደሴ ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ስፍራውንም «ደሴ» አሉት ተብሎ ይነገራል። ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የወሎ መናገሻ አደረጓት፤ ትልቁን የአይጠየፍ አዳራሽም አሠሩባት። ኮምቦልቻ ግን ቤተ መንግሥት የላትም፤ ቆርቋሪዬ የምትለው ንጉሥም ሆነ ራስ የለም። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «ኮምቦልቻ የደሴ አይሮፕላን ማረፊያና የካሚዮን ማደሪያ ናት እንጂ ምን ታሪክ አላት?» ሲሉ እንሰማለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ ከተማይቱ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ከስሟ እንጀምር። ኮምቦልቻ በኦሮምኛ የአንድ እሾሃማ ዛፍ ስም ነው፤ በአማርኛ አጣጥ የምንለው ነው። በሐረርጌም ይህንኑ ስም የያዘች ሌላ ኮምቦልቻ ስላለች፣ መንገደኛ «የትኛዋ?» ተብሎ ቢጠየቅ አያስገርምም። የእኛይቱን ከዚያችኛዋ የሚለያት ቦርከና ነው።

ቦርከና ከደሴ በስተሰሜን፣ ከኩታበር አካባቢ ይነሣል። በደሴ መካከል አልፎ በዶቃቂት ገደል ይወርድና ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም፣ የቁልቁለቱ ልክ ከ600 ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። ማለዳ ከደሴ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ሲወርድ ጋቢውን አጥፎ በጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ወንዙ ግን ኮምቦልቻ ላይ አይቆምም፤ ወደ ጨፋ ረግረግ ወርዶ፣ ከጀራ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ፣ በመጨረሻ አዋሽን ይቀላቀላል።

ወንዙ ሜዳውን ሰጠ፤ ከተማይቱን የሠራት ግን መንገዱ ነው። ከጠላት ወረራ በፊትም ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በአውቶሞቢል ይኬድ ነበር። ኢጣሊያኖች አገሪቱን በያዙበት ጊዜ ይህን መንገድ አሰፉት፤ ከዚያም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውን ጨመሩበት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደውና ወደ ባሕር የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ኮምቦልቻ ላይ ነው። መስቀለኛ መንገድ ያለበት ስፍራ ደግሞ ሻይ ቤት፣ ጋራዥ፣ መጋዘንና ማደሪያ አያጣም። ለዚህ ንጉሥ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በመንገድ የሚመጣው ንግድ ብቻ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ ባደረጉ ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አይሮፕላኖች መጥተው ከተማይቱን በቦምብ ደበደቧት። ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አይሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ከዚያ ቀን የቀረ ነው። ጠላት ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው የኮምቦልቻ ሆነ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የገሠገሠው የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ፣ በጄኔራል ፒናር እየተመራ፣ ኢጣሊያኖች በመድፍ ያጠሩትን የኮምቦልቻን ተራሮች ገጠመ። ውጊያው ከሳምንት በላይ ፈጀ። አርበኞቻችንም በዚህ ውጊያ ከብርጌዱ ጋር አብረው ተዋጉ። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች፤ የተማረኩትም ወታደሮች ስምንት ሺህ ያህል ነበሩ። የደሴ በር የተከፈተው ኮምቦልቻ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለ አምባላጌ ብዙ ተጽፏል፤ ከዚያ በፊት ስለተደረገው ስለዚህ ውጊያ ግን በእኛ ዕድሜ ካሉት ተማሪዎች የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ በመታት ጊዜም መንገዱ ሌላ ነገር አሳየ። ከገጠር ያለቀበት ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ ካሚዮኖች በሚያልፉበት ዳር ተቀምጦ እርዳታ ጠበቀ። ስለዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ስለ ሕዝቡ ጠባይ ጥቂት ብንናገር ደስ ይለናል። ደሴ የሹመትና የቢሮ ከተማ ሆና ስለኖረች ነዋሪዋ ቀልድና ጨዋታ ያውቃል፤ በአነጋገሩም ይኮራል። የኮምቦልቻ ሰው ግን ከመንገደኛ ጋር ስለሚውል ፈጥኖ ይግባባል፤ «ከየት መጣህ?» ከማለቱ በፊት «ቡና ጠጣ» ይላል። (የደሴ ልጆች በዚህ ፍርድ ቅር ቢሰኙ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት መልስ ይጻፉልን።) በባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ይገናኛሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ሰውና ከብት ብዙው በኮምቦልቻ ያልፋል። እንደ ወሎ ሁሉ እዚህም አባቱ ሰይድ፣ ልጁ ጌታቸው የሚባል ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እስላሙ ድንጋይ ያቀብላል። አክስት ለመውሊድ የጠራችን እንደሆነ፣ ለገና የምትጠራን ደግሞ ሌላይቱ አክስት ናት።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በኮምቦልቻ አስተዳደር 85,367 ሰዎች ተቈጠሩ፤ ከእነዚህም 58,667ቱ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ለዚህ ዕድገት ምክንያቱ ፋብሪካ ነው። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ተሠራ፤ ቆዳ ፋብሪካ፣ የሥጋ ማዘጋጃ፣ የብረታ ብረት ሥራና በ1990 ዓ.ም. የቢራ ፋብሪካ ተጨመሩ። በዚያው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ከባሕር የሚመጣው ጭነት ሚሌ ላይ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ኮምቦልቻም ከተፈጠረችበት ምክንያት ግማሹን አጣች ለማለት ይቻላል። ነገር ግን አልፈረሰችም። በ2007 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የከተማይቱና የአካባቢው ወጣት ልጃገረዶች ብዙዎቹ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት እዚያ ነው።

ጦርነት በመንገዱ እንደገና መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ የእርዳታ እህል የተከማቸበት መጋዘንም ተዘረፈ፤ የደሴ ሆስፒታልም እንዲሁ። ሁለቱ ከተሞች በመንግሥት ጦር የተመለሱት ኅዳር 27 ቀን ነበር፤ የደሴ ድብደባ ከደረሰበት ከኅዳር 26 በአንድ ቀን ብቻ ይራራቃል። ጥቂት ሳምንት ሳያልፍ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል አነሣች። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩት ሠራተኞች ጉዳት ድርብ ሆነ፤ አንዱ ከጥይት፣ ሁለተኛው ከሩቅ አገር በተፈረመ ወረቀት።

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ፤ ምክንያቱም ስለ መንገዱ ሲወራ ወንዙ ይረሳል። በፋብሪካዎቹ አጠገብ የሚያልፉ ትንንሽ ጅረቶች ፍሳሹን ይዘው ወደ ቦርከና ይገባሉ። ተመራማሪዎች ውኃውን መርምረው ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረት ሥራም የሚወጣ ዚንክ አግኝተውበታል። ክሮሚየም ቆዳን ለማልፋት የሚጠቅም ሲሆን፣ ሳይጣራ ከወጣ ግን በውኃና በደለል ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በላይ ደግሞ የደሴ ቆሻሻ በዚሁ በቦርከና ይወርዳል። ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ከእኛ መካከል የለም፤ የብዙዎቻችን እናትና አባት የሚሠሩት እዚያ ነውና። ማጣሪያ ይሠራ፣ የተሠራውም ሌሊት ሌሊት ሳይቀር ይንቀሳቀስ ነው የምንለው። የሒሳብ መዝገብ ሲዘጋጅ የማጣሪያው ወጪ ይታያል፤ የወንዙ ጉዳት ግን በማንም መዝገብ አይጻፍም።

ከኮምቦልቻ በታች ያሉ ገበሬዎች በዚህ ውኃ ማሳቸውን ያጠጣሉ። በበጋ፣ ቆላው ሲደርቅ፣ የአፋር ከብት አርቢዎች ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ ይመጣሉ፤ ከብቶቻቸውም የሚጠጡት በከተማችን አልፎ የወረደውን ቦርከናን ነው።