በራዲዮ በተከታታይ የሚነበብ መጽሐፍና የቃል ታሪክ

ከአንድ መጽሐፍ የዕለቱን ክፍል ብቻ በጉባኤ አንብቦ የቀረውን ለሌላ ቀን ማሳደር በኢትዮጵያ ከራዲዮ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ስንክሳር የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ ከፋፍሎ ዓመቱን ሙሉ ያስነብባል፤ ግብረ ሕማማትም በሰሙነ ሕማማት በየቀኑና በየሰዓቱ ተመድቦ ይነበባል። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን የእነዚህን መጻሕፍት ነገር የሚያውቀው በጆሮው ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅቱ መጻሕፍትን በክፍል በክፍል ሲያስነብብ ያገኘው አድማጭ አስቀድሞ የሠለጠነ አድማጭ ነበረ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ በዚሁ ራዲዮ ተሰምቷል። መጽሐፉ ልብ ወለድ ቢሆንም የጎጃምን የባላባት ኑሮና የቤተ ክህነት ትምህርት አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ እንደ ታሪክ የሚጠቅሰው ሰው ጥቂት አይደለም። ቈይቶም በ2000 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በሸገር ራዲዮ እሸቴ አሰፋ «መቆያ» በተባለው ዝግጅት በእውነት የተፈጸሙ የታሪክና የወንጀል ነገሮችን በየክፍሉ ተርኳል።

በዚህ አነባበብ የሚደርሰው ለውጥ በመጀመሪያ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ «ይባላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚሉት የጥርጣሬ ቃላትም እዚያው ናቸው። የአንባቢው ድምፅ ደግሞ ዝቅ የሚለው በዚሁ ቦታ ነው። ደራሲው በጥንቃቄ ያኖረው ጥርጣሬ እንዲህ ሆኖ በጆሮ ሳይያዝ ያልፋል፤ የግርጌ ማስታወሻም ጨርሶ አይነበብም። እንደዚሁም የሌላውን ሰው ንግግር የሚያስረው «ብሎ» ወይም «አለ» የሚለው ቃል ከንግግሩ በኋላ ስለሚገኝ፣ አንባቢው ተናጋሪውን ለመለየት ድምፁን ይለውጣል። ለልብ ወለድ ይህ ጌጥ ነው። በታሪክ መጽሐፍ ግን ጸሐፊው በግምት ያስቀመጠው የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ቃል በሰውየው አንደበት እንደ ተነገረ ሆኖ ይቀራል።

የወንጀል ታሪክ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ፊት ለፊት ይከራከሩ ነበር፤ መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ ተከሳሹም መልስ ነበረው። በራዲዮ የሚሰማው ሙግት ግን የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ በከበደበት ሰዓት ነው፤ የሚቀጥለው ክፍል እስኪሰማ ድረስ አድማጩ በየቤቱ ፈርዶ ያድራል። በሚቀጥለው ቀን ማስረጃው ቢገለበጥ እንኳ ያን ዕለት ያልሰማ ሰው የፊተኛውን ፍርድ እንደ ያዘ ይኖራል። የሟቹና የተከሳሹ ልጆችም ይህንኑ የሚሰሙ መሆናቸውን ማሰብ ይገባል።

ለኢትዮጵያ የታሪክና የባህል ጥናት ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ዴቪድ ሄኒጌ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ስለ ጋና የፋንቴ ጠረፍ በጻፈው ጥናት፣ በመጽሐፍ የታተመ ነገር ተመልሶ ወደ ሽማግሌዎች ቃል ገብቶ እንደ ጥንታዊ ትውፊት መነገሩን አሳይቷል። ራዲዮ ይህን መንገድ እጅግ ያሳጥረዋል፤ ማንበብ የማይችለውንም ሰው ያገኘዋልና። አንድ ሽማግሌ በ1888 ዓ.ም. ስለ ሆነው የዐድዋ ጦርነት ከአያታቸው የሰሙትንና ከራዲዮ የሰሙትን በአንድ ትንፋሽ አቀላቅለው ቢናገሩ በእርሳቸው አይፈረድም፤ ሁለቱም በጆሮ የገቡ ናቸው። ተመራማሪው ግን በቦታው ልማድ የማይነገር የመጽሐፍ ቃል ወይም በቀንና በወር የተለካ ዘመን በሰማ ጊዜ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። «ማን ነገረዎ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ በቤቱ ራዲዮ መቼ እንደ ገባ፣ የትኛው ጣቢያ ይደመጥ እንደ ነበረ፣ ምንስ ሲነበብ እንደ ሰሙ በማስታወሻው ላይ ከቃላቸው ጎን መጻፍ ይኖርበታል። የየጣቢያው የንባብ መዝገብና የተቀዳው ድምፅ ተጠብቆ ካልተገኘም ይህን ማነጻጸር አይቻልም።