ከአዲስ አበባ እስከ መተማ፦ ሁለት ጊዜ ወደ ቆላ የሚወርደው አውራ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎጃምንና ጎንደርን በማቋረጥ በሱዳን ድንበር ላይ ከምትገኘው መተማ የሚደርሰው አውራ ጎዳና፣ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ነው። ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን የሚያገናኝ በመሆኑ የተለያየ ምርት ያላቸውን አካባቢዎች ያስተሳስራል።

ጎዳናው እንጦጦን ተሻግሮ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በፍቼ አድርጎ በወተት ላሞቹ የሚታወቀውን የሰላሌን ደጋ ያቋርጣል። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በወንዙ ላይ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ይገኛል፤ ለተሽከርካሪዎች የተከፈተውም በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ነው።

ዳገቱ ሲያልቅ በጤፍ ምርቱ ስመ ጥር የሆነው ምሥራቅ ጎጃም ይጀምራል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቢቸናና በሞጣ፣ ሌላው በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ ሁለቱም ባሕር ዳር ላይ ይገናኛሉ። በባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ በሚወጣው ዓባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመርቋል።

ከዚያ ወደ ሰሜን በሩዝ አምራችነቱ የሚታወቀው የፎገራ ሜዳ ይገኛል። ወረታ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። ዋናው መስመር በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር አጠገብ ከምትገኘው አዘዞ ይደርሳል፤ ከአዘዞም ወደ ምዕራብ ታጥፎ በአይከልና በገንዳ ውኃ ዳግም ወደ ቆላ ይወርዳል። ይህ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው።

የመስመሩ ደካማ ጎን የዓባይ በረሃ ነው። በክረምት ውኃ የጠገበው አፈር ወደ ታች ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፤ አንዳንድ ቦታም ይሰምጣል። የሞጣውም ሆነ የደብረ ማርቆሱ መንገድ በዚሁ ሸለቆ ስለሚያልፍ፣ በረሃው ሲዘጋ አንዱ ለሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ ተሽከርካሪዎች በቡሬና ነቀምቴ ወይም በወልድያና ደሴ ረጅም ዙር ለመጓዝ ይገደዳሉ። የዙሩ ወጪም በጤፍ ሻጩ ገበሬና በከተማው ሸማች ላይ ያርፋል። የሸለቆው መንገድና የውኃ መውረጃ ቦዮቹ ጥገና ከበረሃው ርቀው ለሚኖሩትም ጉዳያቸው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።