የቀለም መርጫ ሮቦት

የቀለም መርጫ ሮቦት በመኪና አካልና በሌሎች የፋብሪካ ምርቶች ላይ ቀለም የሚረጭ፣ ተቀጣጣይ ትነት ባለበት ክፍል እንዲሠራ የተገነባ ባለ ብዙ መገጣጠሚያ ማሽን ነው። የዚህ ዓይነቱ ቀዳሚ ሮቦት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ፣ ትራልፋ በተባለ የእጅ ጋሪ አምራች ድርጅት ተሠራ። ቀለም ቀቢው የሮቦቱን ክንድ በእጁ እየመራ ሲረጭ እንቅስቃሴው በማግኔት ቴፕ ይቀረጽ ነበር፤ ሮቦቱም ያንኑ ይደግም ነበር። ዛሬ ፕሮግራሙ በአብዛኛው በኮምፒውተር ሞዴል ተዘጋጅቶ በሥፍራው ይታረማል።

ዋናው አደጋ ፍንዳታ ነው። የቀለም ማቅጠኛ ትነት ከአየር ጋር ሲደባለቅ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሞተሮቹ ያሉበት የክንዱ ውስጥ ከውጭ በሚመጣ ንጹሕ አየር ይሞላል፤ ግፊቱ ከክፍሉ ስለሚበልጥ ትነት አይገባም። ኃይል የሚለቀቀው በውስጡ የነበረው አየር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ግፊቱ ከወረደ ወዲያው ይቋረጣል። ይህን ጥበቃ ለጥገና ተብሎ ማለፍ ከባድ ጥፋት ነው። የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንዳይጠራቀም ሮቦቱም የሚቀባውም ዕቃ ከመሬት ጋር በሽቦ ይገናኛሉ፤ የአየር ማናፈሻው ካልሠራ ርጭት አይጀመርም።

በክፍሉ ሆኖ ፕሮግራም የሚያርም ሠራተኛ ብልጭታ የማይፈጥር የእጅ መቆጣጠሪያ ይይዛል። በዚህ ጊዜ የክንዱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ250 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የመቆጣጠሪያው መያዣ ቁልፍ ሲለቀቅም ሆነ በኃይል ሲጨመቅ ሮቦቱ ይቆማል።