#ጥንቃቄ፦ ጠላና አረቄ በኤሌክትሪክ ምድጃ ስታዘጋጁ "ብሬከር አለን" ብላችሁ አትዘናጉ

በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የጠላ ሥራ ይጀመራል። አሻሮ ይቆላል፣ ቂጣ ይጋገራል፤ አረቄ የሚያወጡም አሉ። ከእንጨትና ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ የዞሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ምድጃው ግን ብዙ ጊዜ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ነው፦ ሸክላ ላይ የተጠማዘዘ ክፍት ሽቦ፣ ከሥሩ የብረት እግር። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። አደጋው የቱ ጋር ነው?

👉 የቀላው ሽቦ ኮረንቲ አለበት

በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው 220 ቮልት ነው። ብረት ድስት ሽቦውን ከነካ ድስቱም ኮረንቲ ይይዛል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ድስቱን ሲነካ ኮረንቲው በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

👉 ተራ ብሬከር ሰው አያድንም

ብሬከር የሚጠብቀው የቤቱን ሽቦ ነው። 16 አምፔር የሚል ብሬከር 16,000 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ሰውን ጨምድዶ ለመያዝ ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ይበቃል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከቆየ ትንፋሽና ልብን ሊያቆም ይችላል። ማለትም ሰው ተይዞ እያለ ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል።

ሰው የሚያድነው ኮረንቲ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጠው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው። "30 ሚሊ አምፔር" የሚል ጽሑፍና የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ባለሙያ ጠርታችሁ አስገጥሙ።

👉 ዲቫይደር አይችለውም

2,000 ዋት ምድጃ 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ 3,000 ዋት ምጣድ ደግሞ 14 ገደማ። ሁለቱ አንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰኩ 23 አምፔር ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሳል። በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይግላል።

👉 አረቄ በክፍት ሽቦ ላይ በፍጹም!

አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል። በመጋጠሚያው በኩል የሚያመልጠው ትነት የቀላ ሽቦ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦

✅ ከቻላችሁ ሽቦው የተሸፈነ ምድጃ ተጠቀሙ
✅ የምድጃው ብረት ቢጫና አረንጓዴ በሆነው የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) መታሰሩን አረጋግጡ
✅ ምድጃውን ብቻውን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩ
✅ ደረቅ ጫማ አድርጉ፣ በእንጨት ማማሰያ አማስሉ
✅ ድስት ከማንሳታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያው ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ምድጃው ጠፍቶም ሽቦው ላይ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል

ሰው ቢያዝስ?

❌ በእጃችሁ አትጎትቱት፣ እናንተንም ይይዛል።
✅ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋር ያለውን ብሬከር አጥፉ። ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አላቁት።
✅ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ላይ ደውሉ።
❌ በኤሌክትሪክ የተነሳ እሳት ላይ ኃይል ሳታቋርጡ ውሃ አትድፉ።

ምድጃው ጋር የሚቆሙት ብዙ ጊዜ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ ይሄ ጽሑፍ ስልካቸው ላይ ላይደርስ ይችላል። ዛሬ ማታ አንብቡላቸው፣ የቤታችሁንም ምድጃ አብራችሁ እዩት።