የዳቦ ጥያቄና የሥልጣን ጥያቄ

በኢትዮጵያ ቆላ ሽንፋ ተብሎ የሚጠራው ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ስሙ ረሃድ ይሆናል። ሀዋታ የምትባለው የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ከተማ የምትገኘው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። አገሩ በማሽላውና በሰሊጡ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ እህል የሚበቅልበት አገር ሕዝብ ስለ ዳቦ ብሎ ወደ አደባባይ መውጣቱ ለሚሰማው ሁሉ ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱን ሲመረምሩት ግን ግልጽ ነው። የከተማው ሰው የሚበላው የስንዴ ዳቦ ነው፤ ስንዴውም በብዛት ከውጭ አገር ይመጣል። በ2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትለይ አብዛኛው የነዳጅ ገቢ አብሮ ስለ ሄደ፣ ካርቱም ስንዴ የምትገዛበት የውጭ ገንዘብ እያነሰ መጣ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በአትባራ፣ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት በመድረሱ ተማሪዎች ወጡ። በማግሥቱ ገዳሪፍ ተነሣች፤ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰዎችም ሞቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜም ታወጀ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጩኸቱ ስለ ዳቦ መሆኑ ቀርቶ መንግሥቱ ይውረድ ወደ ማለት ተለወጠ። ዋጋውን የወሰነው ማነው ብሎ የጠየቀ ሕዝብ፣ ወሳኙን ማን ሾመው ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።

ይህ ለሱዳን አዲስ ነገር አልነበረም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በፖሊስ ጥይት ከወደቀ በኋላ፣ ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ ጠበቆችና መምህራን ባደረጉት የሥራ ማቆም የጄኔራል አቡድ መንግሥት ወደቀ። የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የተመረጡትም የካርቱም ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ኃላፊ የነበሩት የትምህርት ሰው ሲር አል ኻቲም አል ኸሊፋ ነበሩ። ምርጫ ተደረገ፤ ነገር ግን ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ኮሎኔል ኒሜሪ ሥልጣን ያዙ። እሳቸውም በተራቸው መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. በሕዝብ አመፅ ወረዱ።

በአውሮፓም የፖላንድ ታሪክ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። በኮሚኒስት ፓርቲ አገዛዝ ሥር በ1948 ዓ.ም. የፖዝናን ሠራተኞች ተነሡ፤ በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. የሥጋና የምግብ ዋጋ ሲጨመር የግዳንስክ መርከብ ሠሪዎች ወጡ፣ ብዙዎችም ተገደሉ። በሁለቱም ጊዜ መሪው ተለወጠ፤ ሥርዓቱ ግን ቀረ። ሠራተኞቹ ከዚህ ተምረው በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ማኅበር የማቋቋም መብት በጽሑፍ አስፈረሙ። ሶሊዳሪቲ የተባለው ይህ ማኅበር ወደ አሥር ሚሊዮን አባላት አፈራ፤ በታኅሣሥ 1974 ዓ.ም. የጦር ሕግ ሲታወጅበት በስውር ኖረ፤ በመጨረሻም ከመንግሥት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ግንቦት 27 ቀን 1981 ዓ.ም. ለተደረገው ምርጫ በቃ። ከዚያ ቀን ሃያ ስድስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ በካርቱም ብርጋዴር ኦማር አል በሽር ሥልጣን በጠመንጃ ያዙ፤ የሠራተኛና የሙያ ማኅበራትንም አገዱ። አንዱ አገር ከማኅበሩ ጋር ሲዋዋል፣ ሌላው ማኅበሩን ዘጋ።

የ2011ዱ አመፅ ዋጋ ለእኛ ለመምህራን በአንድ ስም ይታወሳል። ከገዳሪፍ ብዙ በማይርቀው በኻሽም አል ጊርባ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበሩት አሕመድ አል ኸይር በጥር ወር በጸጥታ ሰዎች ተያዙ፤ በእስር ላይ እንዳሉም ተደብድበው ሞቱ። በመጀመሪያ ባለሥልጣኖች የሞቱት በምግብ መመረዝ ነው አሉ። ነገር ግን እውነቱ ተገለጠ፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ዓ.ም. በኦምዱርማን የተሰየመው ፍርድ ቤት በሃያ ሰባት የጸጥታ ሠራተኞች ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ።

በዚያ ጊዜ ኦማር አል በሽር ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ወርደው ነበር። የወታደሮችና የሲቪሎች ስምምነትም ኢትዮጵያ በሽማግሌነት ገብታበት ነሐሴ 11 ቀን ተፈረመ። ይሁን እንጂ ገዥው ተነሣ እንጂ ጠመንጃው ከቦታው አልተነሣም። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ወታደሮቹ የሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ከካርቱም የሸሸ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ በብዙ ቦታም የመማሪያ ክፍሎች የስደተኛ መጠለያ ሆኑ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ሕዝብ ገዥን በጥቂት ወር ሊያወርድ ይችላል፤ ሕግና ማኅበር ግን በጥቂት ወር አይተከሉም። የእኛም አገር መምህራን የትምህርቱን ፕላን በመቃወም የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ባቆሙ ጊዜ ንጉሣዊው አገዛዝ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ወደቀ፤ የተተካው ግን መምህራኑ የተመኙት ሳይሆን የወታደር መንግሥት ነበር። ስለዚህ ማኅበርን መጠበቅ፣ ውልን በጽሑፍ ማኖር፣ የሞቱትንም በስማቸው ማስታወስ የመምህር ሥራ ነው። አሕመድ አል ኸይር ያስተማሩበት ጥቁር ሰሌዳ ተጠርጎ ይሆናል፤ ትምህርታቸው ግን እንዳይጠረግ አደራው የእኛ ነው።